ወይራና እርሾው፦ ከእናት ጨው ውሃ እስከ ላቦራቶሪ

ወይራ ሲነሣ በአገራችን አርሶ አደር ዘንድ በቅድሚያ የሚታሰበው ፍሬው አይደለም። እንጨቱ ለቤት ምሰሶና ለእርሻ መሣሪያ፣ ቅርንጫፉ ለጥርስ መፋቂያ፣ ጭሱ ደግሞ ለወተት ዕቃ ማጠኛ ያገለግላል። ፍሬው ግን ጥቃቅንና ሥጋው ስስ በመሆኑ በአብዛኛው ለወፎች ሲተው ይታያል። በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ባሉ አገሮች ሁኔታው የተለየ ነው። እዚያ የሚለማው ወይራ ከእኛው ወይራ ጋር በዝርያ አንድ ሆኖ በንዑስ ዝርያ ብቻ የሚለይ ሲሆን፣ በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት በሰው እጅ ሲመረጥ በመቆየቱ ፍሬው ትልቅ፣ ሥጋውም ወፍራም ሆኗል። ከፊሉ ለዘይት ይጨመቃል፤ ከፊሉ ደግሞ እንዳለ ለገበታ ይቀርባል። ዘይት የሚለው ቃል ራሱ በግዕዝ ወይራን የሚያመለክት ሲሆን፣ ደብረ ዘይት ማለት የወይራ ተራራ ማለት መሆኑን ብዙዎች ያውቁታል።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ለገበታ የሚቀርበውን ፍሬ ነው። በተለይም ፍሬውን ለማብላላት ተመርጦ የተባዛ ባክቴሪያን እንደ እርሾ የመጠቀም ሥራ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ይተርካል። የባሕር ማዶ የወይራ ታሪክ ለኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ምን ይፈይዳል የሚል አንባቢ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ አጭር ነው። የወይራ አምራቹ የአንድ ዓመት ልፋቱን በርሜል ውስጥ ከቶ፣ ክዳኑን ዘግቶ፣ ወራት መጠበቅ ግድ ይለዋል። በማኅበር ሲደራጅ ደግሞ የብዙ አባላት ምርት አንድ ጋን ውስጥ ይገባል። ጋኑ ቢበላሽ ጉዳቱ የአንድ ሰው ብቻ አይሆንም። የእርሾው ታሪክ የተጀመረውም ከዚሁ ሥጋት ነው። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መራራው ፍሬ

ከዛፉ የተለቀመ የወይራ ፍሬ እንደ ሾላ ወይም እንደ እንጆሪ ወዲያው አይበላም። እጅግ መራራ በመሆኑ አንዴ የቀመሰው ሁለተኛ አይደግመውም። ለመራርነቱ ምክንያት የሆነውን ንጥረ ነገር ቡርክሎ እና ቪንቲሌስኮ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1908 ለይተው ኦሊዩሮፔይን የሚል ስም ሰጥተውታል። የገበሬው ዘዴ ግን ከዚህ ስም በብዙ ዘመናት ይቀድማል። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረውና ዛሬ ካዲዝ በምትባለው የደቡብ ስፔን ከተማ የተወለደው የሮማ የግብርና ጸሐፊ ኮሉሜላ፣ ስለ እርሻ ካዘጋጃቸው 12 መጻሕፍት በመጨረሻው የወይራ ፍሬ በጨው እንዴት እንደሚቆይ ጽፏል። ይህ የሚያሳየው የአካባቢው ሰው መራራውን ፍሬ ወደ ምግብነት የመለወጥ ሥራን ከጥንት ጀምሮ የተካነበት መሆኑን ነው።

ዘዴዎቹ ብዙ ናቸው። በግሪክ ጠቁሮ የበሰለው ፍሬ እንዲሁ በጨው ውሃ ተዘፍዝፎ ምሬቱ በረጅም ወራት ቀስ በቀስ እንዲወጣ ይደረጋል። በሴቪያ አካባቢ የዳበረው ዘዴ ደግሞ ፍሬውን በአረንጓዴነቱ ለቅሞ በኮስቲክ ሶዳ ማከምን ይጠይቃል። እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። የእርሾው ጉዳይ የሚገባው የሴቪያው ሥራ በደንብ ሲታወቅ ነውና።

ለዚህ ሥራ በጣም የታወቀው ዝርያ ማንሳኒያ ይባላል። ትርጉሙ ትንሿ ፖም እንደማለት ነው። ለቀማው በመስከረምና በጥቅምት ይካሄዳል። ለቃሚው አንገቱ ላይ ቅርጫት አንጠልጥሎ ፍሬውን በእጁ አንድ በአንድ ይለቅማል፤ ምክንያቱም የተመታ ፍሬ ቆዳው ላይ ቡናማ ጠባሳ ይይዝና ዋጋው ይወርዳል። የተለቀመው ፍሬ 2 በመቶ አካባቢ በሆነ የኮስቲክ ሶዳ ውሃ ውስጥ ለተወሰኑ ሰዓታት ይቆያል። የሶዳው መጠንም ሆነ ሰዓቱ እንደ ፍሬው ዝርያ፣ እንደ ብስለቱና እንደ አየሩ ሙቀት ይለያያል። ሠራተኛው በየጊዜው ፍሬ እያወጣ በቢላዋ ይሰነጥቅና ሶዳው ምን ያህል ዘልቆ እንደገባ በቀለሙ ለውጥ ያያል። ከቆዳው እስከ ፍሬው አጥንት ካለው ሥጋ ሁለት ሦስተኛውን ሲያልፍ ሶዳው ይደፋል። ከዚያ ካነሰ ምሬቱ ይቀራል። እስከ አጥንቱ ከዘለቀ ፍሬው ይላሽቃል።

ቀጥሎ ሶዳውን ለማስወገድ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። በዚህም ቢሆን ልክ አለው። እጥበቱ ከበዛ ከሶዳው ጋር የፍሬው ስኳር አብሮ ይሄዳል። ይህ ስኳር ደግሞ ኋላ ለሚመጡት ባክቴሪያዎች ቀለባቸው ነው። ከታጠበ በኋላ ከ10 እስከ 12 በመቶ ጨው ባለው ውሃ ውስጥ ይገባል። ፍሬው ጨውን እየመጠጠ ሲሄድ የውሃው ጨው ወደ 6 በመቶ አካባቢ ይወርዳል።

በክዳኑ ሥር

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ለሰው ዓይን አይታይም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሶዳው ቅሪት ገና ስላለ ጨው ውሃው አሲድ የለውም። በዚህ ጊዜ ከአፈር፣ ከዕቃና ከውሃ የመጡ ልዩ ልዩ ባክቴሪያዎች ይራባሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ጋዝ ያወጣሉ፤ ጋዙም በፍሬው ሥጋ ውስጥ እየተጠራቀመ ቆዳውን ያሳብጠዋል፤ ሥጋውንም ይሰነጣጥቀዋል። ነገሩ በደህና ከሄደ ቀስ በቀስ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ያይላሉ። እነዚህ የፍሬውን ስኳር በልተው ላክቲክ አሲድ ያመርታሉ። የአሲድነት መለኪያው ፒ.ኤች. በሳምንታት ውስጥ ወደ 4 ይወርዳል። ፒ.ኤች. ሲወርድ አሲድነት ይጨምራል ማለት ነው። አሲድና ጨው አንድ ላይ ሲሆኑ ሌሎቹ ባክቴሪያዎች መራባት ያቅታቸዋል። ፍሬው ሳይበላሽ ይቆያል፤ የሚወደደውን ጎምዛዛ ጣዕምም ያገኛል። እርጎ የሚረጋውም በመሠረቱ በዚሁ ዓይነት ሥራ ነው።

ነገሩ በደህና ካልሄደስ? ክረምቱ ቀድሞ ከገባ ባክቴሪያዎቹ ይቀዘቅዛሉ። ስኳሩ በእጥበት ካለቀ ይራባሉ። አሲዱ ሳይሞላ ይቀርና በርሜሉ ለዓይን ደህና መስሎ ይከርማል። በፀደይ ሙቀቱ ሲመለስ ግን ሌሎች ባክቴሪያዎች ተነሥተው የተገኘችውን ጥቂት አሲድ መብላት ይጀምራሉ። ፒ.ኤች. ተመልሶ ይወጣል፤ መጥፎ ሽታም ይከተላል። ስፔኖች ይህን ብልሽት ሳፓቴራ ይሉታል። ሽታው ከፍሬው አይለቅም። በርሜሉ ሲከፈት ደግሞ ለቀማው ካለፈ ወራት ተቆጥረዋል። የሠራተኛው፣ የጨውና የሶዳው ወጪ ወጥቶ አልቋል። ስለሆነም አምራቹ ብልሽቱን የሚያውቀው ምንም ማድረግ በማይችልበት ሰዓት ነበር።

ለዚህ ሥጋት ልምድ ያስተማረው መፍትሔ በደንብ ከተብላላ በርሜል ጨው ውሃ ቀድቶ አዲሱ በርሜል ላይ መጨመር ነው። ይህም እናት ጨው ውሃ ይባላል። የእንጀራ ሊጥ ያቦካ ሁሉ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። በሊጡ ላይ ከሚጠልለው ውሃ እርሾ ተቀድቶ ለሚቀጥለው ቡኮ እንደሚቀመጠው ማለት ነው። ልዩነቱ ሊጥ በቀናት ውስጥ ስለሚቦካ ስሕተቱ ቶሎ መታየቱና ቶሎ መታረሙ ነው። ወይራ ግን በዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚለቀመው።

እናት ጨው ውሃ ጥሩ ዘዴ ሆኖ ሳለ አንድ ጉድለት ነበረው። ከበርሜሉ የሚቀዳው መልካሙ ባክቴሪያ ብቻ አይደለም። ጎጂውም ካለ አብሮ ይተላለፋል። ጎረቤት ለጎረቤት እርሾ ሲሰጥ ክፉውንም ሳያውቅ ሊሰጥ ይችላል። መልካሙን ከክፉው ለመለየት በመጀመሪያ በርሜሉ ውስጥ ያለው ሕይወት ያለው ነገር መሆኑ መታወቅ ነበረበት።

ከወተት የተገኘ ትምህርት

ይህ ዕውቀት የመጣው ከወይራ ሳይሆን ከወተት ነው። በ1857 ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር የመኮምጠጥ ሥራ የሕያዋን ረቂቅ ተሕዋስያን ሥራ መሆኑን የሚገልጽ ጥናት አቀረበ። በ1870ዎቹ ደግሞ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆሴፍ ሊስተር ወተትን የሚያኮመጥጠውን ባክቴሪያ ከሌሎች ነጥሎ ለብቻው ማሳደግ ቻለ። ይሁን እንጂ ሁለቱም ለገበሬው በእጅ የሚጨበጥ ነገር አልሰጡም።

ያንን ያደረገችው ዴንማርክ ናት። በ1882 በምዕራብ ዩትላንድ በሚገኘው የዬዲንግ መንደር ገበሬዎች የመጀመሪያውን የኅብረት ሥራ የወተት ማቀነባበሪያ አቋቋሙ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዓይነቱ በአገሪቱ ሁሉ ተስፋፋ። ብዙ ገበሬዎች ወተታቸውን አንድ ቦታ ሲያመጡና ቅቤው ወደ እንግሊዝ ገበያ ሲላክ፣ ጣዕሙ ዛሬም ነገም አንድ መሆን አለበት የሚል ጥያቄ መነሣቱ አልቀረም። ቪልሄልም ስቶርች የተባለው የዴንማርክ ተመራማሪ ለቅቤ የሚሆነውን ክሬም የሚያኮመጥጡትን ባክቴሪያዎች መርምሮ፣ ጥሩ መዓዛ የሚሰጡትን ነጥሎ በእርሾነት መጠቀም እንደሚቻል በ1890 አሳየ። የዴንማርክ የወተት ማኅበራትም በአጭር ጊዜ ውስጥ ተቀበሉት። አሠራሩ እንዲህ በፍጥነት የተስፋፋው ሳይንሱ ትክክል ስለሆነ ብቻ አይመስልም። ተቀባዩ የተደራጀ ነበር። አንድ ማኅበር ሲያምን በመቶ የሚቆጠሩ ገበሬዎች አብረው ይገባሉ።

በ1919 ዴንማርካዊው ኦርላ ዬንሰን ስለ ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ባሳተመው ሰፊ ሥራ፣ በአትክልት መብላላት ላይ ትልቅ ድርሻ ያለውን ፕላንታረም የተባለ ዝርያ ገለጸ። ኋላ የወይራ እርሾ የሆነው ይኸው ዝርያና የቅርብ ዘመዱ ነው። በነገራችን ላይ ፕላንታረም ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በቆጮ መብላላት ላይ ጥናት ያደረጉ ባለሙያዎች በሂደቱ ውስጥ አግኝተውታል።

ካሊፎርኒያና ያ ክፉ ዓመት

ወይራ ወደ ካሊፎርኒያ የገባው በ18ኛው ክፍለ ዘመን በስፔን ሚስዮናውያን አማካይነት ነው። የስፔኑ ገበሬ ከአባቱ የወረሰው ልምድ ስላለው ችግሩን በልምድ ይወጣዋል። የካሊፎርኒያው አምራች ግን ልምዱ አጭር ነበረና ጥያቄውን ለዩኒቨርሲቲው አቀረበ። ለምርምሩ ምቹ ሁኔታ የፈጠረውም ይህ የልምድ እጥረት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

በ1919 ደግሞ መላውን ኢንዱስትሪ ያናወጠ አደጋ ደረሰ። በኦሃዮ ግዛት ካንተን ከተማ አንድ የራት ግብዣ ላይ የታሸገ ጥቁር የወይራ ፍሬ ከበሉት መካከል 7 ሰዎች ሞቱ። ገዳዩ ቦቱሊዝም ነበር። ቦቱሊዝም አየር በሌለበትና አሲድ ባነሰበት ምግብ ውስጥ የሚራባ ክሎስትሪዲየም የተባለ ባክቴሪያ የሚያመርተው መርዝ የሚያስከትለው በሽታ ነው። ያ ፍሬ ያልተብላላ፣ ታሽጎ የቀረበ ዓይነት ስለነበር ከሴቪያው ጋር አንድ አይደለም። ካሊፎርኒያም እንዲህ ያለው ፍሬ በ115 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ለ40 ደቂቃ እንዲቀቀል የሚያስገድድ ደንብ አወጣች። ቢሆንም ትምህርቱ ለሁሉም ደረሰ። ፍሬውን የሚጠብቀው ወይ በቂ ሙቀት ነው፣ ወይ በቂ አሲድ ነው። ሦስተኛ መንገድ እንዲሁ በእምነት መተው ነው።

በዚሁ ዘመን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሠራው ዊሊያም ክሩስ የሜዲትራኒያንን አገሮች አሠራር አጥንቶ ለአምራቹ የሚሆኑ መመሪያዎች አዘጋጀ። በ1943 ደግሞ ሪስ ቮን ከባልደረቦቹ ጋር የስፔንን ዓይነት አረንጓዴ ወይራ አመራረት የሚያስረዳ መጽሔት በዚያው ዩኒቨርሲቲ የግብርና ጣቢያ በኩል አወጣ። የምክሩ ፍሬ ነገር በደንብ ከተብላላ በርሜል ጨው ውሃ መጨመር፣ ስኳር ካነሰ ስኳር ማከል፣ ብርድ ከሆነ ማሞቅ፣ አሲዱንም በየጊዜው መለካት ነው። እንግዲህ በዚህ ደረጃ እርሾው ገና እናት ጨው ውሃ ነበር። ለውጡ መለካት መጀመሩ ነው። የበርሜሉን ክዳን ሳይጠብቁ ብልሽትን አስቀድሞ ማወቅ የተቻለው ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ነው።

ፍሬው ራሱ ሲከላከል

ለማስረዳት ቀላል የሚመስለው ቀጣዩ እርምጃ፣ ማለትም ንጹሑን ባክቴሪያ ለብቻው አሳድጎ መጨመር፣ ከተጠበቀው በላይ አስቸጋሪ ሆኖ ተገኘ። ወተትን አፍልቶ ወይም በፓስተር ዘዴ አሙቆ ሌላውን ባክቴሪያ ከገደሉ በኋላ እርሾውን መጨመር ይቻላል። የወይራ ፍሬ ግን ቢቀቀል ይላሽቃል። ካልተቀቀለ ደግሞ ቆዳው ላይ ያሉት ነዋሪዎች ከእርሾው ጋር ይሻማሉ።

በሰሜን ካሮላይና የራሊ ከተማ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ላቦራቶሪ ውስጥ በዋናነት በኪያር ላይ ይሠራ የነበረው ጆን ኤቸልስ ከባልደረቦቹ ጋር በ1966 ባሳተመው ጥናት መላ አገኘ። ፍሬውን በ74 ዲግሪ ሙቀት ለ3 ደቂቃ ያህል ብቻ አሙቀው፣ ከዚያ ጨው ውሃ ውስጥ ከተው፣ ንጹሕ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ ጨመሩበት። ከተሞከሩት ውስጥ ፕላንታረም ሥራውን በሚገባ ፈጸመ።

የሚገርመው ሌላው ውጤት ነው። ሙቀት ባልነካው ፍሬ ላይ ባክቴሪያዎቹ እንደተጠበቀው አልሠሩም። ቡድኑ ምክንያቱን ሲከታተል ከአረንጓዴው ፍሬ ውስጥ ባክቴሪያን የሚያግድ ነገር እንዳለ አረጋገጠና በ1969 ለይቶ አወጣው። ቀጥሎ በተደረገው ጥናት ነገሩ ከዚያው ምሬትን ከሚሰጠው ከኦሊዩሮፔይን የሚመነጩ ውህዶች መሆናቸው ታወቀ። ዛፉ ፍሬውን ከተባይና ከበሽታ የሚጠብቅበት መሣሪያ የገበሬውንም እርሾ ይመታ ነበር ማለት ነው። በዚህም የሴቪያው የሶዳ ሕክምና ሁለት ሥራ ይሠራ እንደነበር ግልጽ ሆነ። ምሬቱን ሲያጠፋ ለላክቲክ አሲድ ባክቴሪያም መንገድ ይጠርጋል። የጥንቶቹ ሠራተኞች ይህን በስም ባያውቁትም በሥራ ይዘውት ነበር።

ወደ ሴቪያ መመለስ

በሴቪያ ከተማ በ1947 የተቋቋመው የቅባትና የዘይት ምርምር ተቋም የወይራን ፍሬ ዋና ሥራው ካደረጉ ማዕከሎች ግንባር ቀደሙ ነው። በዚያ የሚሠሩ ባለሙያዎች አምራቹን ደረጃ በደረጃ ከእንጨት በርሜል ወደ ፋይበርግላስ ጋን እንዲሸጋገር ረድተዋል። አንዱ ጋን እስከ 10,000 ኪሎ ግራም ፍሬ ይይዛል። ሙቀቱ እንዳይዋዥቅም ብዙ ጊዜ መሬት ውስጥ ይቀበራል።

ይህ የመጠን ለውጥ የኅብረት ሥራውን ሰው በቀጥታ ይነካል። በ1970ዎቹ በአንዳሉሲያ የወይራ አምራች ማኅበራት ተሰባስበው የሁለተኛ ደረጃ ኅብረት ሥራ ማኅበራትን መሠረቱ፤ በእኛ አጠራር ዩኒየን ማለት ነው። ከእነዚህ አንዱ አግሮ ሴቪያ ሲሆን፣ መሠረታዊ ማኅበራቱ የሚያቀርቡትን ፍሬ ሰብስቦ ለውጭ ገበያ ያቀርባል። በእንጨት በርሜል ዘመን አንድ በርሜል ቢበላሽ የሚጠፋው ጥቂት መቶ ኪሎ ነበር። አሁን 10 ቶን ነው። በውስጡም የስንት አባል ማሳ ምርት ተቀላቅሎ እንደሚገኝ አንባቢ መገመት አያቅተውም። የእርሾው ጥያቄ ከምሁራን ጠረጴዛ ወርዶ የማኅበር ጉዳይ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1994 ሩይስ ባርባ፣ ሂሜኔስ ዲያስና ባልደረቦቻቸው አንድ ጠቃሚ ውጤት አሳተሙ። ከወይራ መብላላት የተገኘ ኤል.ፒ.ሲ.ኦ.10 የተሰኘ የፕላንታረም ዓይነት ባክቴሪዮሲን ያመርታል። ባክቴሪዮሲን አንድ ባክቴሪያ ተቀናቃኞቹን የሚመታበት ንጥረ ነገር ነው። ይህ ዓይነት በእርሾነት ሲጨመር ጋኑን ተቆጣጥሮ እስከ መጨረሻው ቆየ። ከራሱ የተገኘና ባክቴሪዮሲን የማያመርተው ወንድሙ ግን ከሌሎች ጋር ሲሻማ ከጊዜ በኋላ ጠፋ። ከዚህ የተገኘው ትምህርት እርሾ ሲመረጥ አሲድ ማምረቱ ብቻ እንደማይበቃ ነው። በማያውቀው ሠፈር ገብቶ ቦታውን ማስከበር አለበት።

በ2002 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሥራውን ለሁለት ከፈለው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጨው ውሃው የሶዳ ቅሪት ሲኖረው ፕላንታረምም ሆነ ዘመዱ ፔንቶሰስ ይቸገራሉ። ስለዚህ ያንን የሚቋቋም ኢንተሮኮከስ የተባለ ባክቴሪያ አስቀድሞ ይገባል፤ እርሱ ውሃውን ሲያለዝብ ፔንቶሰስ ይከተላል። ቀድሞ የሚሄደው መንገድ ጠራጊ፣ ኋላ የሚመጣው ባለቤት ነው። አንዳንድ አምራቾች ይህን የመጀመሪያ ደረጃ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ወይም ለምግብ በተፈቀደ አሲድ ያሳጥሩታል።

ፓኬት ብቻውን

ዛሬ ለአትክልትና ለወይራ የሚሆን የደረቀ እርሾ በፓኬት ይሸጣል። ነገር ግን የወይራ ታሪክ በተደጋጋሚ ያረጋገጠው ነገር ቢኖር ፓኬቱ ሠራተኛውን የማይተካ መሆኑን ነው። ሶዳው ካልተለካ፣ ሙቀቱ ካልተጠበቀ፣ ስኳሩ በእጥበት ካለቀ የተገዛው እርሾ ይራባል ወይም ይሞታል። በባቄላና በሽምብራ ዘር ላይ ባዮ ፈርቲላይዘር የተጠቀሙ አባላት ይህን ያውቁታል። ፓኬቱ ፀሐይ ላይ ከዋለ ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ይሞታሉ። ፓኬቱን ሲያዩት ግን ያው ነው። ከጎረቤት ማሳ ሰብሉ ሳይሻል ሲቀር "ባዮው አይሠራም" ይባላል። በወይራም ላይ ተመሳሳይ ነገር ሳይባል አልቀረም።

ጨው የሚያንስበት ወቅትም አለ። ገበያው ጨው የቀነሰ ምግብ ሲፈልግ፣ ጨው ሲሠራው የነበረውን ጥበቃ ማን ይተካው የሚለው ጥያቄ ይነሣል። እርሾ እዚህ ላይ ዋጋው ይጨምራል፤ ፈጥኖ አሲድ ካመረተ ጨው መቀነስ ይቻላልና። ፈጥኖ ካላመረተ ግን ቅነሳው አደጋ ነው። በየካቲት 2004 በጣሊያን ሞሊዜ ክፍለ ሀገር አንድ ምግብ ቤት ውስጥ በቤት የተዘጋጀ አረንጓዴ የወይራ ፍሬ የበሉ 28 ሰዎች በቦቱሊዝም ታመዋል። የፍሬው ፒ.ኤች. ሲለካ 6.2 ሆኖ ተገኘ። በደንብ የተብላላ ወይራ ከ4.3 በታች መሆን ይገባው ነበር። ከካንተኑ አደጋ 85 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። መለኪያው ውድ ዕቃ አልነበረም።

ስም ተለወጠ፣ ሥራው ቀረ

የዚህን ታሪክ ጽሑፎች የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ያደናግረዋል። በድሮ ጥናቶች ፕላንታረም የተባለው ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ ፔንቶሰስ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ እጅግ የሚመሳሰሉ በመሆናቸው ፔንቶሰስ ራሱን የቻለ ዝርያ ተብሎ እንደገና የታወቀው በ1987 ነው። በ2020 ደግሞ ሳይንቲስቶች ትልቁን የላክቶባሲለስ ወገን ከፋፍለው ሁለቱን ላክቲፕላንቲባሲለስ በሚባል አዲስ የወገን ስም ሥር አስገቧቸው። ለጋኑ ያመጣው ለውጥ የለም።

ምርምሩ አሁን ያለ ሶዳ ወደሚብላላው ወይራ እያደላ ነው። ሶዳ ያለበት ውሃ በየማሳውና በየወንዙ መደፋት ስለማይችል በአንዳሉሲያ በጉድጓድ ኩሬ ተጠራቅሞ በፀሐይ እንዲተን ይደረጋል። ይህ ወጪ ነው። ሶዳ ካልገባ ግን ኦሊዩሮፔይኑ እንዳለ ስለሚቀር፣ ኤቸልስ በ1966 የገጠመው ችግር ተመልሶ ይመጣል። በመሆኑም ይህን መራራ ንጥረ ነገር ራሳቸው መሰባበር የሚችሉ ባክቴሪያዎችና ይስቶች እየተፈለጉ ነው። ፍለጋው የሚካሄደው በድሮዎቹ በርሜሎችና በየመንደሩ እናት ጨው ውሃ ውስጥ ነው።

ይህ ሁሉ ምርምር ተካሂዶም ቢሆን በዓለም ላይ ከሚዘጋጀው የገበታ ወይራ አብዛኛው እስከ ዛሬ የሚብላላው እርሾ ሳይጨመርበት በራሱ ነው። እርሾውን የሚጠቀሙት በዋናነት ትልልቅ ጋን ያላቸውና የውጭ ገበያ ውል የገቡ ናቸው። በአንዳሉሲያ ለቀማው በመስከረም ሲጀመር ፍሬው ከየማሳው ወደ ማኅበሩ ግቢ ይመጣል፤ ይመዘናል፤ በመጠኑ ይለያል፤ ወደ ሶዳው ይገባል። ከሰዓታት በኋላ አንድ ሠራተኛ ጥቂት ፍሬ በእጁ ዘግኖ ያወጣና በቢላዋ ይሰነጥቃል። ሶዳው ሁለት ሦስተኛውን ማለፉን ያያል። እርሾው የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው።